ያረጀ የጥጥ ፍራሽ ያላችሁ፦ ከጎንደር የስቱዲዮ ሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ማን ምን እንዳደረገ እንዳይረሳ ነው። ሬዲዮ ጣቢያችን የማኅበረሰብ ነው። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለይቷቸው ነበር። ከእሱ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ይህንኑ ዓይነት ጣቢያ ያውቀዋል። የእኛ ቢጤ ጣቢያ ለትርፍ አይሠራም። አዘጋጆቹ አብዛኞቻችን በትርፍ ሰዓታችን የምንሠራ ነን። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ ነጂ አለ።

ችግራችን ክፍሉ ነው። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ የብሎኬት ክፍል ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ። የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ዶፉ ይወርዳል። ዛሬ አንዲት የግብርና ባለሙያ ስለ ስንዴ ዋግ ልታስረዳ መጥታ ነበር። ከወገራ የሚደውሉልን ገበሬዎች ሲጠይቁን የከረሙት ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ መናገር ስትጀምር ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ድምፅዋ ተዋጠ። ሙዚቃ አስገብተን እስኪያባራ ጠበቅን። አላባራም። የአየር ሰዓቱ አለቀ።

ይህ የማማር ጉዳይ አይደለም። ገበሬው ልኩን በትክክል ካልሰማ ወይ ሰብሉ ይጎዳል ወይ ገንዘቡ ይባክናል። ብዙ አድማጮቻችን የሚሰሙን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ወይም በሞባይል ነው። የእነዚህ ድምፅ ማጉያ ስፋቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከስቱዲዮ ተበላሽቶ የወጣን ድምፅ ሊያጠራው አይችልም። የማጥራቱ ሥራ የእኛ ነው።

መስከረም

ክረምቱ ወጣ። ክፍሉን ለካነው። ባዶውን ክፍል ገብታችሁ አንዴ ብታጨበጭቡ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ቶሎ አይጠፋም። ማይክሮፎኑ ይህን ሁሉ ይሰበስባል። አድማጩ ጋ ሲደርስ ሰውየው ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ይመስላል።

ለዚህ ዋላስ ሳቢን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ያወጣው ቀመር አለ። 0.161ን በክፍሉ ይዘት ታባዛላችሁ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ላለው ድምፅ መጣጭ ስፋት ታካፍሉታላችሁ። ድምፁ እስኪሞት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይሰጣችኋል። የእኛ ክፍል ቁመቱ 2.8 ሜትር ነው። ይዘቱ 33.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለንግግር ስቱዲዮ 0.3 ሰከንድ ገደማ ጥሩ ነው። ስለዚህ ወደ 18 ሜትር ካሬ የሚጠጋ ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚመጥ ነገር ያስፈልገናል። የተለሰነ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል የሚመጡት ከመቶ ሁለት ሦስቱን ብቻ ነው።

የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳው ላይ እንለጥፍ ያሉ ብዙ ናቸው። በደግ ልብ ሰብስበው ያመጡም አሉ። ግን ሁለት ሥራ እንዳለብን ሰው እንዲያውቅልን እፈልጋለሁ። አንደኛው የውጭ ድምፅ እንዳይገባ መከልከል ነው። ይህ ክብደትና ቀዳዳ የሌለው አሠራር ይጠይቃል። ግድግዳ ወይም ኮርኒስ በእጥፍ ቢከብድ የሚያሳልፈው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። ሁለተኛው ውስጥ የተፈጠረው ድምፅ እንዳያስተጋባ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ፣ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። የእንቁላል ካርቶን ለመጀመሪያው ክብደት፣ ለሁለተኛው ውፍረት ይጎድለዋል።

ከመስቀል በኋላ አንድ አናጢ መጡ። ስሜን አታንሱ ስላሉኝ አላነሳም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጣሪያውን ወጥተው አዩ፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። ከዚያ ቁጭ ብለው እንዲህ አሉን፦

«እናንተ ልጆች፣ ጣቢያችሁን እርዱ እያላችሁ በሬዲዮ ስትናገሩ ሰምቻለሁ። ሰው ምን ይዞ ይምጣ? ሞራሌ ነው? ሚስማር ነው? ጉልበት ነው? ለዩና ንገሩን እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። «እርዱን» የሚለው ማስታወቂያ ሲተላለፍ ከርሞ ያመጣው ጥቂት ነው። ሰዉ ሳይወደን ቀርቶ አይመስለኝም። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚረዳው ነገር ያለ አልመሰለውም። ገንዘብ ያለውም ስንት ብሎ ምን ላይ እንደሚውል አላወቀም። ማታውኑ ተቀምጠን ዝርዝር አወጣን። ያረጀ የጥጥ ፍራሽ። ሞራሌ። አቡጀዲ። የተጣለ ከላማዳሪያ። ምንጣፍ። ቅዳሜ ጠዋት ጉልበት። ለጂፕሰም ቦርድ ብቻ ገንዘብ፣ በደረሰኝ።

ጥቅምት

ዝርዝሩን ጠዋትና ማታ ከዜና በፊት እናነበዋለን። የመጣው ነገር ከጠበቅነው በላይ ነው። አንድ ጎሚስታ አሮጌ ከላማዳሪያ በማዳበሪያ ሞልቶ በባጃጅ ላከ። ከአዲስ ዓለም ሁለት ወንድማማቾች ከሱቃቸው አቡጀዲ በጣቃው አመጡ። የሰፈሩ እድር ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን አዋሰን፣ ግቢው ውስጥ እንድንሠራበት።

ፍራሹን በተመለከተ አንዲት እናት መጥተው የነገሩኝን ልጻፍ። ፍራሹን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመውላቸዋል።

«ይቀመጡ እማማ፣ ደክመዋል» አልኳቸው።

«አልደከመኝም ልጄ። ይሄ የልጄ ፍራሽ ነው። እሱ አሁን አዲስ አበባ ነው። ጥጡ የመተማ ነው፣ ደህና ጥጥ ነው። ብቻ ተረግጧልና ሳትነድፉ እንዳትጠቀሙበት።»

እኛ ቀደን ልንጠቀጥቀው ነበር ያሰብነው። እማማ የተረገጠ ጥጥ አየር እንደማያሳልፍ በእጃቸው ያውቁታል። ድምፅ የሚሞተው አየሩ በክሮቹ መሀል ሲሹለከለክና ሲታሽ ነው። የተረገጠ ጥጥ ውስጥ አየሩ አይንቀሳቀስም። በማግስቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደጋናቸውን ይዘው መጡ። ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ጥጡን መንደፍ ጀመሩ። የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታው ድም ድም ይላል፣ ጥጡም እየተነሳ ይነፋል። ጣቢያው ውስጥ ከሚሠሩት ወጣቶች አንዷ ያንን ድምፅ ቀዳችው። ለፕሮግራም መግቢያ እንጠቀምበታለን።

ጥጥ እሳት ይፈራል። ይህ አስጨንቆናል። ፋብሪካ የሚሠራው የጥጥ ድምፅ መጣጭ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ እንደሚታከም አውቃለሁ። ቦራክስ የት ይገኛል ስንባባል አንድ ወርቅ ሠሪ ሳቀብን። ወርቅና ብር ሲያበይድ ሁልጊዜ የሚጠቀምበት ነው። ቦሪክ አሲዱን ከመድኃኒት ቤት ገዛን። በሞቀ ውኃ በጥብጠን ጥጡ ላይ ረጨን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣን። ከደረቀ በኋላ ከታከመውና ካልታከመው ቆንጥረን ግቢው ውስጥ ክብሪት ለኮስንባቸው። ያልታከመው ቦግ ብሎ ነደደ። የታከመው ጠቁሮ ቆመ። እንዲያም ሆኖ ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ሕግ አውጥቷል፦ በጥጡ ውስጥ ምንም ገመድ አያልፍም፣ ሶኬት አጠገብም ጥጥ አይሰቀልም። የእሳት ማጥፊያ በሩ ጥግ ተሰቅሏል።

ጋሼ ሞራሌውን ቆርጠው ፍሬም አወጡ። እያንዳንዱ 120 ሴንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱ 10። 25 ፍሬም 18 ሜትር ካሬ ይሆናል፣ ከቀመሩ ጋር ገጠመ። ጥልቀቱ ለምን አስፈለገ ያላችሁ እንደሆነ፣ የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል 100 ኸርዝ አካባቢ ይወርዳል፣ በሰከንድ 100 ጊዜ መርገብገብ ማለት ነው። የዚያ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነው። ስስ ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ በልቶ ወፍራሙን ይተወዋል። ድምፁ ይታፈናል እንጂ አይጠራም። ለዚህ ነው ጥጡን ያወፈርነውና ፍሬሙንም ከግድግዳው ትንሽ አራቅ አድርገን የምንሰቅለው።

ኅዳር

የኮርኒሱ ወር ነው። ከባዱ ሥራ ይኸኛው ነው።

ዝናብ ቆርቆሮን ሲመታ ቆርቆሮው ራሱ ይርገበገባል። ያ መርገብገብ በማገሩ ወርዶ ኮርኒሱን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ አዲሱ ኮርኒስ ከጣሪያው እንጨት ጋር ፈጽሞ መነካካት የለበትም። ጋሼ ከግድግዳ ግድግዳ አዲስ እንጨት ዘረጉ። ከጣሪያው ጋር የሚያገናኘው አንድ ሚስማር የለም። ከሥሩ ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ድርብ መታን። የሁለተኛው ድርብ መጋጠሚያ የመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ እንዳይውል አዘዋወርነው። ጠርዙን ሁሉ በሲሊኮን ደፈንን። ከላይ፣ በሁለቱ ኮርኒስ መሀል፣ የተረፈውን ጥጥ ዘረጋን። ቦርዱ ከባድ ነው። ሁለቱ ድርብ አንድ ላይ በካሬ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ለ12 ካሬ አስቡት። ጋሼ እንጨቱን ያቀራረቡት ለዚህ ነው።

ደቦው ቅዳሜ ነበር። ቦርዱን ከላይ ገፍቶ የሚይዝ፣ ብሎን የሚያስር፣ ደረጃ የሚይዝ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከማራኪ መጡ። የእድሩ እናቶች ዳቦ ጋገሩ፣ ቡና ተፈላ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ማን ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

በሩ ቀላል ሆነልን። ድምፅ ልክ እንደ ውኃ ስንጥቅ ካገኘ ይገባል። የጎሚስታውን ከላማዳሪያ በጠባቡ ሰነጠቅነውና በመቃኑ ዙሪያ አጥፈን መታነው። በሩ ሲዘጋ ጎማው ይጨፈለቅና ያሽገዋል። ወደ ቴክኒክ ክፍሉ የሚያሳየው መስኮት ሁለት መስታወት አለው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጠን ያለ። ውፍረታቸው እኩል ቢሆን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይርገበገቡ ነበር።

እንግዲህ እንሞክረው አልን። ግን ኅዳር ነው፣ ዝናብ ከየት ይምጣ? መፍትሔውን ያመጡት ልጆች ናቸው። ከደንቢያ የመጣ ሽንብራ አንድ ቁና ይዘው ጣሪያው ላይ ወጡ። እኔ ውስጥ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። እነሱ ከላይ ሽንብራውን በእፍኝ እፍኝ ቆርቆሮው ላይ ይበትናሉ። መጀመሪያ በሩን ከፍተን ቀዳን፣ ሽንብራው ብቻ ነው የሚሰማው። በሩን ዘግተን ስንቀዳ የእኔ ንባብ ጥርት ብሎ ወጣ። ከኋላው ራቅ ያለ ሹክሹክታ አለ፣ ቃል ግን አይውጥም። ሽንብራው ተለቅሞ፣ ታጥቦ ለደቦው ተቀቀለ።

አንዳንድ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቅዳሴና የመስጊዱን አዛንም ጨርሶ እንድናጠፋው ጠይቆን ነበር። እኔ አልፈልግም። ጎንደር ያለነዚህ ድምፆች ጎንደር አትሆንም። እኛ የምንሻው የእንግዳው ቃል እንዳይጠፋ ነው። በቀሩት ሁሉ ከተማችን ትሰማ።

ታኅሣሥ

ገመድና መብራት። ይህን አጠር ላድርገው።

ድምፅ የምትቆጣጠረው ልጅ የማይክሮፎን ገመዶቹን ራሷ በየደች። በገመዶቹ ጫፍ ያለው ኤክስ ኤል አር የሚባለው መሰኪያ ሦስት እግር አለው። አንደኛው መከላከያው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ድምፁን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሸከሙት ናቸው። መንገድ ላይ የገባ የመብራት ጉምጉምታ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚቀመጥ ጫፍ ላይ ሲቀናነስ ይጠፋል። ይህ ሆኖም ዝዝዝ የሚል ነገር አልለቀቅ አለን። የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ነው። ኮምፒዩተሩና ድምፅ የምናቀላቅልበት ሚክሰር መብራት ከሁለት የተለያየ ሶኬት ስለሚወስዱ ነበር። ሁሉንም ከአንድ መስመር አወረደቻቸው፣ ጸጥ አለ።

ማይክሮፎኑ ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ሌላው ዓይነት 48 ቮልት ይፈልጋል፣ ደግሞም ግቢው ውስጥ የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ይለቅማል። ዳይናሚኩ ፊቱ ያለውን ሰው ይሰማል። እንግዳ አራት ጣት ያህል ቀርቦ እንዲናገር እንለምነዋለን። ቀርቦ መናገር የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ እናቶች። ለእነሱ ማይክሮፎኑን እኛ እናቀርብላቸዋለን።

መብራት ሲሄድ ማሰራጫው የራሱ ጀኔሬተር አለው። ስቱዲዮው ግን ይጨልም ነበር። አሁን ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር አወር ሁለት ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር አለን። ሁለቱ አንድ ላይ 2,400 ዋት አወር ይይዛሉ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር የምንጠቀመው 1,200ውን ነው። ስቱዲዮው 200 ዋት ገደማ ይበላል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ያሠራናል። ባትሪዎቹን የገዙት የከተማው ባጃጅ ነጂዎች በማኅበራቸው አዋጥተው ነው። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ የሚሰሙት እኛን ነውና።

ጥር

ጥምቀት ስለሆነ ሥራው ቆሟል። ሁላችንም ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ነበርን፣ ከከተራ ጀምሮ።

ከበዓሉ በኋላ የመጀመሪያውን ቀረጻ አደረግን። ከቡርባክስ መንደር አንድ አዝማሪ መጣ። ማሲንቆ ያላት አንድ ክር ብቻ ነው፣ እሱም ከፈረስ ጭራ። በድሮው ክፍላችን ማሲንቆ ስንቀዳ ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ይጮህብን ነበር። አሁን ማይክሮፎኑን ከቆዳው ፊት ራቅ አድርገን አቆምነው። ደጋኑ ክሩን ሲነካ ያለችው የመጀመሪያዋ ጭረት ትሰማለች። የአዝማሪው ትንፋሽም ይሰማል። አዝማሪው የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ የራሱን ድምፅ ሲሰማ፣ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለና ደግሞ ልዝፈን ብሎ ተነሳ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ። ግጥሙ ውስጥ ጥጥ የነደፉትን እናቶች አንስቶ አመሰገነልን።

ጋሼ ጥግ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና ወደ አንዱ ፍሬም ሄዱ። «ይሄ ትንሽ ዘሟል» ብለው አቃኑት።

የካቲት

የካቲት 6 የዓለም ሬዲዮ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሬዲዮ በ1946 በፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተበት ቀን ነው። በዚያን ዕለት የስቱዲዮውን በር ለሰዉ ከፈትን። ጥጥ ያመጣ ጥጡን ለማየት መጣ። አንዳንዱ ፍራሹ የትኛው ፍሬም ውስጥ እንዳለ ይጠይቃል። ሁሉም ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ስሙንና ሰፈሩን ተናገረ፣ ያንንም ማታ አስተላለፍነው።

የገባውና የወጣው በዝርዝር ግቢው በር ላይ ተለጥፏል። ሞራሌው፣ ብሎኑ፣ ሲሊኮኑ፣ ሁሉም። ሂሳቡን የያዘችው የባንክ ሠራተኛ የነበረች ጡረተኛ ናት፣ በነጻ። አንብቦ የጠየቀ ሰው አለ። መጠየቁን ወድጄዋለሁ። ሁለት እድሮች በየወሩ ከመዋጮአቸው ላይ ትንሽ ሊለዩልን ተስማምተዋል። ትንሽ ትሁን እንጂ በየወሩ የምትመጣ ገንዘብ ለእኛ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ ትሻላለች። የኢንተርኔቱንና የመብራቱን ሂሳብ በእሷ መቁጠር እንችላለን።

የቀረን ሥራ አለ። የከላማዳሪያው ጎማ በፀሐይ ስለሚደርቅ በየዓመቱ ይለወጣል። የባትሪዎቹ ውኃ በየወሩ ይታያል። ለዚህ ተራ አውጥተናል። ከስቱዲዮው ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል ደግሞ የማቀናበሪያ ክፍል ልናደርጋት ነው። እዚያ የምንጀምረው በየቤቱ ያለውን የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር በማስገባት ነው። የሠርግ ዘፈን፣ የሽማግሌ ታሪክ፣ የቅኔ ዘረፋ፣ መንዙማ፣ ሁሉም ይመጣል። ካሴቱ ተቀድቶ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምንፈልገው ይኸው ነው። የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ፣ ሁለትም ቢሆን። አንድ የእንጨት በር፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር። አቡጀዲ 10 ሜትር። ልስን የሚያውቅ አንድ ሰው። ጥጥ ግን በቂ አለን፣ እግዜር ይስጥልን።